ለሠርግ ሥራ ጣሪያው የሚከፈት መርሴዲስ ልገዛ ነው፤ ያየኋቸው ምልክቶች ግን እንቅልፍ ነሱኝ

ካሜራው ከአባዶ፦

ሰላም ቤተሰብ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮና ፎቶ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ጾሙ እስኪፈታ ሥራ የለም። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ግን አምስት ሠርግ ይዣለሁ። ከአምስቱ ሁለቱ ሙሽሮች ጣሪያው የሚከፈት መኪና ፈልግልን ብለውኛል። ባለፈው ጥርም እንዲሁ ተጠይቄ ነበር። ለምን የራሴን አልገዛም አልኩ። ያጠራቀምኩት አለ፤ ዕቁቤም በዚህ ወር መጨረሻ ይደርሰኛል።

እውነቱን ለመናገር የሥራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጅ ሆኜ ኮተቤ ስንኖር አክስቴ ተዳረች። ጣሪያው በተከፈተ መኪና ቆማ፣ ቬሎዋን በአንድ እጇ ይዛ በሠፈራችን ስታልፍ አየኋት። አቧራው፣ ጥሩንባው፣ የእናቴ እልልታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ካሜራ እንድይዝ ያደረገኝ ያ ቀን ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን ደላላ ሳይገባበት አንድ መኪና አገኘሁ። ለገጣፎ፣ ሰፊ ጊቢ ውስጥ፣ ጽድ ሥር የቆመች። መርሴዲስ ሲኤልኬ 230 ኮምፕሬሰር፣ እ.ኤ.አ. የ1999 ሥሪት። ነጭ ናት፤ የሸራ ጣሪያዋ ጥቁር ነው፤ አራት ሰው ትይዛለች። የሚሸጡት ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ቡና አስፈልተው ነው የተቀበሉኝ። 1 ሚሊዮን 650 ሺህ ብር ጠሩ፤ ወዲያው "ላንተ ሲሆን ሃምሳውን ትቼልሃለሁ" አሉኝ።

ያየሁትን ሁሉ ልንገራችሁ። ጣሪያው አይሠራም። ከገና ጀምሮ እንደተከፈተ ነው፤ ላስቲክ አልብሰውታል። ቁልፉን ስጫነው ድምፅ እንኳን የለም። "ባትሪው ደክሞ ነው" አሉ፤ መኪናዋ ግን በደንብ ትነሳለች። ሌላው የገረመኝ የሾፌሩ ወንበር ላይ የደረቀ የዘይት ጠብታ መኖሩ ነው። ዘይት ወንበር ላይ ከየት ይመጣል?

ከሾፌሩ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ በጣቴ ስጫነው ውሃ ወጣ። ሽታው ዝናብ የመታው ጆንያ ነው። ጋሼ "ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ላስቲኩን ገልጦት ነው" አሉ። ሊሆን ይችላል፤ የበልጉን ዝናብ ሁላችንም አይተነዋል።

የግራው በር ከፍ አድርገው ካልገፉት አይዘጋም። በበሩና በኋላው ስፖንዳ መሃል ያለውን ክፍተት ልብ ብዬ አየሁት። ከታች ጣቴ ይገባል። ከላይ ጥፍሬም አይገባም።

ስደርስ ሞተሩ ሞቆ ነበር። "እንዳትጉላላ ብዬ አሙቄልህ ነው" አሉኝ። ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ መብራት ቁልፍ ሲዞር ጭራሽ አይበራም። ቦሎው የአምናው ነው።

ወረቀቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ሊብሬው በጋሼ ስም አይደለም። ባለሊብሬው ጀርመን አገር ነው። እሱ ለወንድሙ ውክልና ሰጠ፤ ወንድሙ ለጋሼ ሰጠ። እኔም በውክልና ይዤ እንድነዳና ስሙን "ቀስ ብለህ እንድታዞር" ነው የሚፈልጉት። መልሴን እስከ ቅዳሜ ይጠብቃሉ።

የትኛውን ልለፍ? የትኛው ላይ ልቁም? መኪናዋን በጣም ነው የወደድኳት፤ ስለዚህ እኔን አትመኑኝ፤ እናንተ ንገሩኝ።

ጋራዥ ቃሊቲ፦

ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ቀለምና ቸርኬ አይቶ ነው የሚገዛው። አንተ የበሩን ክፍተት አይተሃል፤ በዚሁ ቀጥል።

ጣሪያው ከሁሉ ያነሰው ጭንቀትህ ሊሆን ይችላል። ፖርታባጋሊው ውስጥ ጣሪያው የሚታጠፍበትን ቦታ ከዕቃው የሚለይ መከለያ አለ። እሱ ተስቦ በሁለቱም በኩል ቦታው ካልገባ መኪናዋ ጣሪያውን አታንቀሳቅስም። ዕቃ ላይ እንዳይወርድ ተብሎ የተሠራ ጥበቃ ነው። ጋሼ ፖርታባጋሊ ውስጥ ምን ጭነዋል? መጀመሪያ እሱን እይ። ስንት ሰው ፓምፕ ተቃጥሏል ተብሎ ገንዘቡን ከፍሏል መሰለህ!

ወንበሩ ላይ ያለው ዘይትም ከጣሪያው ነው የመጣው። የዚህች መኪና ጣሪያ በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው። ፓምፑ ከኋላ ነው። ከሱ የሚወጡ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ አንዱ እስከ ፊት ድረስ ይመጣል። ጣሪያውን ከፊት መስታወቱ አናት ጋር የሚቆልፍ ትንሽዬ ፒስተን አለ። የፒስተኑ ጎማ ሲያረጅ ዘይቱ ሾፌሩ ላይ ይንጠባጠባል። የእነዚህ መኪኖች የታወቀ በሽታ ነው። ፒስተኑ ተፈትቶ ጎማው ይቀየራል። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ መኪና አያስጥልም።

እኔን የሚያስፈራኝ ምንጣፉና በሩ አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መኪና ጥንካሬውን ከጣሪያውም ያገኛል። ይቺ ያንን አታገኝም። የተሸከማት ወለሉና ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄደው ባዶ ሳጥን የመሰለ ብረት ነው። ውሃ እዚያ ተኝቶ ከከረመ ብረቱ ከውስጥ ይበላል። ከውጭ ቀለሙ ያበራል። ቀስ በቀስ መኪናዋ ከመሃል ትጎብጣለች፤ የበሩ ክፍተት ከላይ ይጠባል፣ ከታች ይሰፋል። አንተ ያልከው ማለት ነው።

ግን አትቸኩል። የበሩ ማጠፊያ ሲላላም ክፍተቱ ልክ እንዲሁ ይሆናል። መለያው ይኸውልህ። በሩን ክፈትና ጫፉን ይዘህ ወደ ላይ አንሳው። ማጠፊያው ላይ ከተወዛወዘ ችግሩ ማጠፊያው ነው፤ ቀላል ነው። ካልተወዛወዘ ክሪክ አስገባና ግራውን ጎን ቀስ ብለህ አንሳ። በሩን ዝጋ፤ ክፍተቱን እያየህ ክሪኩን ከፍና ዝቅ አድርገው። ክፍተቱ ከክሪኩ ጋር ከሰፋና ከጠበበ ወለሉ ሄዷል።

ማግኔት ያዝ። ቀለም እንዳይቧጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ከበሩ ሥር ባለው ብረት ላይ አስኪደው። ብረት ከሆነ ይይዛል፤ ስቱኮ፣ ማለትም የተበላ ቦታ የሚደፈንበት ልስን፣ ከሆነ ይወድቃል። ምንጣፉንም አንሳ። የአንድ ሳምንት ውሃ እርጥብ ነው እንጂ አያዝግም። የወንበሩ ብሎኖች ቡናማ ሆነው ካበጡ ያ የዓመታት ውሃ ነው። ጽድ ሥር ነው የቆመችው ብለሃል አይደል? ጣሪያው የሚታጠፍበት ጉድጓድ ውስጥና ከፊት መስታወቱ ግርጌ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች አሉ። የጽድ ቅጠል ከደፈናቸው ዝናቡ መሄጃ አጥቶ ቤቷ ውስጥ ይገባል። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍስስባቸውና መሬት ላይ ሲወርድ እይ።

የኤርባግ መብራት ቁልፍ ሲዞር በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሰው ነክቶታል፤ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለብህ። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ በኤሌክትሪክ ሶኬቱ በኩል ዘይት ሊያፈስ ይችላል፤ ከሥር እየው። ስትሄድ ደግሞ በጠዋት ሂድ። "ሞተሩን ሳያሞቁ ይቆዩኝ" በላቸው። ጭሱንና ድምፁን የምታውቀው በቀዝቃዛው ሲነሳ ነው።

የቪትዝ ባለቤት፦

ሰላም ካሜራው። ስለ ሞተር አላውቅም። በወረቀት ግን ተቃጥያለሁ።

በ2011 አንድ ቪትዝ በውክልና ገዛሁ። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ስም ማዞሩን "ይደርሳል" እያልኩ አቆየሁት። ልጅ ወለድኩ፣ ሥራ ቀየርኩ፣ ጊዜው ሄደ። አንድ ቀን ስደውል ስልኩን ልጃቸው አነሳችው። አባቷ ከሞቱ አርባቸው አልፎ ነበር። ውክልናውም አብሮ ሞተ። በሕጋችን ወካዩ ሲሞት ውክልና ይቀራል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር። ገንዘቡን ከፍዬ፣ መኪናውን እየነዳሁ፣ ወራሾች ደጅ ሁለት ዓመት ቆምኩ። አንደኛው ወራሽ "እኔ አልሸጥኩም" አለ። ፈርዶብኝ ሳይሆን የማያውቀው ነገር ስለሆነበት ነው።

ያንተ ደግሞ ውክልና ላይ ውክልና ነው። ጀርመን ያለው ሰውዬ የሰጠውን ወረቀት ራስህ አንብበው። ሁለት ነገር ፈልግ። "እንዲሸጥ" የሚል ቃል በግልጽ አለ? "ሌላ ሰው እንዲወክል" የሚልስ አለ? ሁለተኛው ከሌለ ወንድምየው ለጋሼ የሰጠው ውክልና መሠረት የለውም። ውጭ አገር የተሰጠ ውክልና ደግሞ በኤምባሲያችንና እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት፤ ማኅተሙን እይ።

ዕዳና እገዳ እንደሌለባትም ጠይቅ። የሊብሬውን ሻንሲ ቁጥር ከመኪናዋ ጋር ራስህ አመሳክር። ከዚያ በኋላ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ የሽያጭ ውል ካልተፈራረማችሁ አንድ ብር እንዳትሰጥ። ቀብድም ቢሆን። ጋሼን አጭበርባሪ ማለቴ አይደለም። እሳቸውም እንደኔ አንድ ቀን "ይደርሳል" ያሉ ሰው ይመስሉኛል።

ባለኮከቧ፦

ወንድሜ እኔ ግዛት ባይ ነኝ፤ ወለሏ ጤነኛ ከሆነ። በ2016 መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ዓይነት መኪና ወደዚህ አገር አይመጣም። ያሉት እነዚህ ናቸው። ይቺ ሞዴል ራሷ የተሠራችው እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2003 ብቻ ነው።

ደግሞ ሰው እንደሚያወራው መለዋወጫ የላትም አትበል። መሠረቷ ሲ ክላስ 202 የሚባለው መርሴዲስ ነው። ሞተሩ ኤም 111 ነው፤ ስንት መርሴዲስ ላይ ያለ ሞተር ነው። ሶማሌ ተራ ግማሽ ቀን ብትዞር የሞተርና የእግር ዕቃ ታገኛለህ። ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ኮምፕሬሰሩም እዚህ ከፍታ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት፣ ውለታ ይሠራል። እኔ በ202 የሱሉልታን አቀበት ስወጣ ስንቱ ሲተነፍስ አልፌዋለሁ። የጣሪያው ዕቃ ግን ሌላ ነገር ነው። ሸራው፣ ፒስተኖቹ፣ ቱቦዎቹ ከውጭ ነው የሚመጡት። ያንን አስበህ ዋጋ ቀንስ።

ዲኮር ከሲኤምሲ፦

እንደምን ዋልክ። እኔ ለሠርግ መኪና አከራያለሁ። አንዷ ጣሪያዋ የሚከፈት ናት፤ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

ሙሽሮች ጣሪያው ክፍት ሆኖ ከቤት እስከ አዳራሽ የሚሄዱ ይመስልሃል። አይሄዱም። ከጣፎ ወደ አያት ስትወጣ ያለውን አቧራ ታውቀዋለህ። ነጭ ቬሎ፣ የተሠራ ፀጉር፣ ሜካፕ። የሚከፈተው ለፎቶ ነው፤ መናፈሻው በር ላይ አሥር ደቂቃ፣ አዳራሽ መግቢያው ላይ አምስት ደቂቃ። የቀረው መንገድ ዝግ ነው። ስለዚህ ላንተ መክፈት ብቻ የሚችል ጣሪያ አይሆንህም። በዚያች ደቂቃ ዝናብ ሲመጣ የሚዘጋ ጣሪያ ነው የሚያስፈልግህ። እኔ አንዴ ግንቦት ላይ አልዘጋ ብሎኝ አራት ሚዜዎች የባህር ዳርቻ ጥላ ይዘው ሙሽራዋን ሸፈኑልኝ። ሙሽራዋ አለቀሰች። ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

ሌላው፣ የሰሌዳው ጉዳይ ነው። ገንዘብ እየተቀበልክ ልታከራያት ካሰብክ የግል ሳይሆን የንግድ ሰሌዳ ነው መሆን ያለበት። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ለምን ሥራ እንደነበረች ነው። ሙሽሮች ናቸው የሚቀመጡባት፤ በዚህ አትቀልድ።

ለሁለቱ ሠርግ የኔን ውሰድ። ዋጋ እንነጋገራለን። የራስህን ተረጋግተህ ፈልግ።

ካሜራው ከአባዶ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ሄጄ መጣሁ።

ሰፈራችን ያለ መካኒክ ይዤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ጋሼ ቃላቸውን ጠብቀው ሞተሩን አላስነሱትም ነበር። ኮፈኑን በእጄ ነካሁት፤ በረዶ ነው። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ሰማያዊ ጭስ የለም፣ ነጭም የለም። መካኒኩ ጆሮውን አስጠግቶ ቆየና "ሞተሯ ዕድሜዋን አይመስልም" አለ። ካምቢዮው ሶኬቱ ጋ ትንሽ አርጥቧል፤ እንዳላችሁት።

ከዚያ ፖርታባጋሊውን ከፈትን። ግማሽ ኩንታል ጤፍና ሁለት አሮጌ ጎማ አለ። መከለያው በአንድ በኩል ወልቆ ጎማው ላይ ተኝቷል። ዕቃውን አወጣን፤ መከለያውን ስበን በሁለቱም በኩል አስገባነው። ቀጭ አለ። ቁልፉን ተጫንኩ። ከኋላ ፓምፑ ጉርርር አለ። የኋላው ክዳን ተነሳ፤ ጥቁሩ ሸራ ከውስጡ እንደ ትልቅ ወፍ ክንፍ እየተዘረጋ ወጣ፤ በላያችን አለፈና ፊት ላይ ተቀመጠ። የጊቢው ልጆች ጮኹ። የጋሼ ባለቤት ከወጥ ቤት ወጥተው እልል አሉ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነስተው እጄን ያዙኝ። ከገና ጀምሮ ሲያሳስባቸው የከረመው ጤፉ ኖሯል። አንዴ ከፈትነው፤ አንዴ ዘጋነው፤ ደግሞ ከፈትነው። የዚያን ሰዓት ዋጋ ሳልከራከር ልፈርም ነበር።

መካኒኩ ግን ማግኔቱን ከኪሱ አወጣ። በቀኝ በኩል ከበሩ ሥር ከፊት እስከ ኋላ ያዘ። በግራ በኩል ሲሄድ ሲሄድ መሃል ላይ መሬት ወደቀ። አነሳና ደገመው፤ ወደቀ። አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ ላይ ምንም አይይዝም። ጋሼን አስፈቅዶ ከሥር፣ ቀለም በማይታይበት በኩል፣ በካቻቪቴ ጫፍ ገፋ አደረገው። ካቻቪቴው እስከ እጀታው ገባ። ሲያወጣው ነጭ ስቱኮና እንደ በርበሬ የቀላ ዝገት አብሮ ፈሰሰ። ምንጣፉን ስናነሳ የወንበሩ ብሎኖች አብጠዋል።

በሩን ከፍቶ አነሳው፤ ማጠፊያው አልተወዛወዘም። ክሪክ አስገባን። እኔ በሩ ጋ ተንበርክኬ ክፍተቱን አይ ነበር። ክሪኩ ሲወጣ ላይኛው ክፍተት ቀስ እያለ ተከፈተ፤ ጥፍሬ ገባ፤ ከዚያ ጣቴ ገባ። በሩ በአንድ ጣት ተዘጋ። ክሪኩ ሲወርድ ክፍተቱ ጣቴ ላይ መልሶ ጠበበ። ስሜቱ እስካሁን ጣቴ ላይ አለ።

ወረቀቱንም አነበብኩ። "እንዲሸጥ" ይላል፤ ኤምባሲውም ውጭ ጉዳይም አትመውበታል። "ሌላ ሰው እንዲወክል" የሚል ግን የለም። እህቴ የቪትዟ ባለቤት፣ አንቺ ባትነግሪኝ እዚያ መስመር ላይ ዓይኔ አይቆምም ነበር። ወረቀቱ መፍትሔ አለው፤ ጀርመን ያለው ሰውዬ በሕይወት አለና ሌላ ውክልና ሊልክ ይችላል። ባለኮከቧ ያለውም ልክ ነው፤ ሞተሯ ያሳሳል። ወለሉ ግን ተቆርጦ በአዲስ ብረት ካልተሠራ ሙሽራ ላስቀምጥባት አልችልም። ይህን ሥራ በልኩ የሚሠራ ባትላሜ ማግኘት ከባድ ነው፤ ወጪውም ከተቀነሰልኝ ሃምሳ ሺህ ጋር አይገናኝም። የኤርባጉን ጉዳይ እስከ መጨረሻው አላጣራሁትም፤ አያስፈልገኝም ብዬ ተውኩት።

ለጋሼ በግልጽ ነገርኳቸው። ካቻቪቴው የገባበትን ቀዳዳ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። "ልጄ፣ እኔም የነገሩኝን ነው የነገርኩህ" አሉኝ። አምኛቸዋለሁ። ልጆቻቸውን ጭነው አስፋልት እንዳይወጡባት ለመንኳቸው። የባትላሜ ስልክ ፈልጌ እሰጣቸዋለሁ።

ዲኮር ወንድሜ፣ ለሁለቱ ሠርግ ያንተን እወስዳለሁ፤ ነገ እደውላለሁ።

ልወጣ ስል ደመናው በእንጦጦ በኩል እየጠቆረ መጣ። ጋሼ "እባክህ አንዴ ዝጋልኝና ሂድ" አሉኝ። ገብቼ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ቁልፉን ይዤ ቆየሁ። ጣሪያው መጥቶ ከመስታወቱ አናት ጋር ሲገጥም አንዲት የዘይት ጠብታ ክንዴ ላይ ወረደች።